ወገብ ሳያምም ረጅም መንገድ፦ ለክሩዘር ሞተር ሳይክል የኋላ አሞርዛተር አመራረጥ

ክሩዘር ሞተር ሳይክል ቆሞ ሲታይ ሶፋ ይመስላል። መቀመጫው ዝቅ ያለ ነው። እግር ወደ ፊት ይዘረጋል። መሪው ራሱ ወደ እጅ ይመጣል። ሁለት ሰዓት ከተነዳ በኋላ ግን ብዙ ሰው ወገቡን ይዞ ነው የሚወርደው።

እኔም ከነዚህ ሰዎች አንዱ ነበርኩ። የመጀመሪያዬን ክሩዘር ስገዛ የቀድሞው ባለቤት የኋላ አሞርዛተሮቹን (የመንገዱን ምት የሚያረግቡትን ባለ ሞላ ዕቃዎች) በአጫጭር ቀይሯቸው ነበር። ቁመናው ያምራል። ባለቤቴን አፈናጥጬ ስወጣ ግን እያንዳንዱ ጉድጓድ ጓ! እያለ አከርካሪያችን ላይ ይወጣል። «ሞላው ደረቅ ስለሆነ ነው» ብዬ ለስላሳ ሞላ ያለው ገዛሁ። ይባስ ብሎ ጓጓታው ጨመረ።

ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሞላ በለሰለሰ ቁጥር ቶሎ ይጨመቃል። ቶሎ ከተጨመቀ ቶሎ መጨረሻው ላይ ይደርሳል። መጨረሻው ላይ ከደረሰ በኋላ የሚቀጥለውን ምት የሚቀበለው የእናንተ ወገብ ነው። ስለዚህ ገበያ ስትወጡ «የትኛው ይለሰልሳል?» ብላችሁ አትጠይቁ። «የእኔን ክብደት ተሸክሞ መንቀሳቀሻ የሚተርፈው የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ጥያቄ ለመመለስ ነው።

ክሩዘር ለምን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል?

በሌሎች ሞተር ሳይክሎች ላይ እግር ከሰውነት በታች ነው። ጉብታ ሲመጣ አሽከርካሪው በእግሩ ተደግፎ ከመቀመጫው ትንሽ ብድግ ይላል። ጉልበቱ እንደ ሞላ ይሠራል። ክሩዘር ላይ እግር ወደ ፊት ስለተዘረጋ ብድግ ማለት አይቻልም። ክብደታችሁ በሙሉ መቀመጫው ላይ ነው። የሚመጣው ምት በቀጥታ ወደ ወገብ ይሄዳል።

ሁለተኛው ነገር የመንቀሳቀሻ ማነስ ነው። ለወጣ ገባ መንገድ የተሠሩ ትልልቅ የአድቬንቸር ሞተሮች የኋላ ጎማቸው ወደ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል። ብዙ ክሩዘሮች ላይ ይህ ከ100 ሚሊ ሜትር በታች ነው። መቀመጫቸው በጣም ዝቅ እንዲል የተደረጉት ላይ 50 እንኳን ላይሞላ ይችላል። በዚህች ጥቂት ቦታ ውስጥ ሁሉንም ሥራ መሥራት አለበት። ስህተት የሚሸፈንበት ትርፍ ቦታ የለም።

1. በመጀመሪያ ጥፋቱ የአሞርዛተሩ መሆኑን አረጋግጡ

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የጎማውን ነፋስ ለኩ። ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት። ከሚገባው በላይ የተነፋ ጎማ ትንሿን ጠጠር ሳይቀር ወደ መቀመጫ ያመጣል። ትክክለኛው ቁጥር በሞተሩ መመሪያ ደብተር ላይ አለ። ብዙ ጊዜ የኋላ ጎማውን በያዘው ክንድ ወይም በቴላዮው ላይም ተለጥፎ ይገኛል።

ከዚያ መቀመጫውን እዩ። የመቀመጫ ስፖንጅ ያረጃል። በአውራ ጣት ስትጫኑት ታች ያለውን ጠንካራ መሠረት ከነካችሁ፣ ምንም ዓይነት አሞርዛተር ብትገዙ ያንን ሕመም አያጠፋላችሁም።

አሁን ወደ አሞርዛተሩ ሂዱ። ቀጭኑን፣ የሚያብረቀርቀውን ዘንግ እዩ። ዘይት አርጥቦታል? በዘይቱ ላይ አቧራ ተለጥፎ ጥቁር ጭቃ ሠርቷል? እንግዲያው ዘይት ማጠሪያው (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግደው ጎማ) አልቋል ማለት ነው። ዘንጉ ላይ ዝገት ወይም ጭረት ካለም ማጠሪያውን መብላቱ አይቀርም። ላይና ታች የሚታሰርበት ቀዳዳ ውስጥ ያለውን ጎሚኒም ፈትሹ። የተሰነጠቀ ወይም የተበጫጨቀ ጎሚኒ የሚያሰማው ኳኳታ ብዙ ጊዜ የአሞርዛተር ጥፋት እየተባለ ይነገራል።

ቀጥሎ የመግፋት ሙከራ። ሞተሩን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሰው ፈልጉ። የኋላ መቀመጫውን በሁለት እጅ በኃይል ወደ ታች ተጫኑና ልቀቁ። ጤነኛ አሞርዛተር ወደ ላይ ይመለስና ይቆማል። ያረጀው ግን ሁለት ሦስት ጊዜ እንደ ኳስ ይነጥራል። ይህ ውስጡ ያለው፣ ንጥረቱን የሚያረግበው ዘይት ሥራውን እንዳቆመ ነው የሚነግራችሁ።

በጣም የምወደው ሙከራ ግን የፕላስቲክ ማሰሪያው ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚታሰርበትን ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ዘንጉ ላይ እሰሩት። እንዳይላላ፣ እንዳይጠብቅም፤ በጣት ሲገፋ የሚንሸራተት ይሁን። ወደ ዘንጉ መግቢያ አስጠግታችሁ ተዉትና የተለመደውን መንገዳችሁን ሂዱ። ስትመለሱ ማሰሪያው ተገፍቶ የት እንደደረሰ ታያላችሁ። መጨረሻው ድረስ ከሄደ መንቀሳቀሻችሁን ጨርሳችሁታል። ግማሽ መንገድ ላይ ከቆመና ጉዞው አሁንም ከደረቀ ደግሞ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ ሞላው ለእናንተ በጣም ጠንካራ ነው ወይም ዘይቱ በጣም ይይዛል። ሞላው ዘንጉን ሙሉ በሙሉ ከሸፈነው ይህ ሙከራ አይሠራም። ያኔ በጆሮና በወገብ መፍረድ ነው።

2. ክብደታችሁን በትክክል እወቁ

ብዙ ሰው ሻጭ ሲጠይቀው ከዓመታት በፊት የተመዘነውን ክብደት ይናገራል። በጃኬት፣ በቦት ጫማ፣ በሄልሜት ተመዘኑ። ቀጥሎ የሚፈናጠጠውን ሰው፣ እሱንም በሙሉ ልብስ። ከዚያ ሻንጣውን ከነዕቃው።

ሦስቱን ቁጥሮች ለየብቻ ጻፏቸው። ከጎናቸውም ከአሥር ጉዞ ስንቱን ብቻችሁን እንደምትሄዱ አስፍሩ። ከአሥር ዘጠኙን ብቻውን የሚሄድ ሰው ለሁለት ሰው የሚሆን ሞላ ቢገዛ ዘጠኙን ጉዞ ሲነጥር ይኖራል። ሁልጊዜ ሰው አፈናጥጦ የሚሄድም ለአንድ ሰው የተሠራ ሞላ ይዞ ምቾት አያገኝም። አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ከሆናችሁ፣ ቶሎ በእጅ የሚስተካከል አሞርዛተር ያስፈልጋችኋል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

3. ዝቅታውን ለኩ

ይህ ደረጃ አሰልቺ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይዘለዋል። አትዝለሉት። አሥራ አምስት ደቂቃ ነው የሚወስደው፤ ወራት የሚፈጅ ግምት ያስቀራል።

ዝቅታ የምለው የኋላው ክፍል በጭነት ምክንያት የሚወርድበትን መጠን ነው። ሜትርና ሁለት ረዳቶች ያስፈልጋችኋል። ከጎማው መሃል ብሎን ቀጥታ ወደ ላይ፣ ፓራፋንጎው ላይ አንድ ነጥብ ምረጡና ትንሽ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉበት። ሁሉም ልኬት በእነዚህ ሁለት ነጥቦች መካከል ነው።

መጀመሪያ ሞተሩን በክሪክ አንሱት። የኋላ ጎማው ከመሬት ተነስቶ ይንጠልጠል። ለኩ። 540 ሚሊ ሜትር አገኛችሁ እንበል።

ቀጥሎ አውርዱት። ረዳታችሁ ቀጥ አድርጎ ይያዘው፤ ማንም አይቀመጥበት። ሁለቴ ወደ ታች ገፋ ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁና ለኩ። 530 ሆነ እንበል። ሞተሩ በራሱ ክብደት 10 ሚሊ ሜትር ወርዷል ማለት ነው።

በመጨረሻ ሙሉ ልብስ ለብሳችሁ ተቀመጡ። እግራችሁን እንደምትነዱበት አድርጋችሁ መርገጫው ላይ አሳርፉ። አንዱ ረዳት ከፊት መሪውን ይያዝ፣ ሌላው ይለካ። 510 ሆነ። ከመጀመሪያው ሲቀነስ 30 ሚሊ ሜትር።

አሁን ይህን 30 ከጠቅላላው የኋላ ጎማ መንቀሳቀሻ ጋር አወዳድሩት። መንቀሳቀሻው በሞተሩ ቴክኒካዊ መግለጫ ላይ ተጽፏል። ለመንገድ ጉዞ ከተቀመጣችሁ በኋላ የሚኖረው ዝቅታ ከመንቀሳቀሻው ሩብ እስከ ሲሶ ቢሆን ጥሩ ነው። መንቀሳቀሻው 90 ከሆነ፣ 30 ልክ ሲሶው ነው። 60 ሚሊ ሜትር ጉድጓድና ጉብታ ለመቀበል ተርፏል። ዝቅታው 50 ቢሆን ኖሮ ግን ገና ሳትነሱ ከግማሽ በላይ በልታችሁታል።

ዝቅታ ጨርሶ ባይኖርም ጥሩ አይደለም። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ወደ ታች ተዘርግቶ መንገዱን መከተል አለበት። የሚዘረጋበት ቦታ ከሌለው ሞተሩ ሁለመናው ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል፤ እናንተም አብራችሁ።

4. ሞላውን ምረጡ፤ ፕሪሎድ ሞላ አያጠነክርም

ሞላ የሚለካው አንድ ሚሊ ሜትር ለመጨመቅ በሚፈልገው ኃይል ነው። 2 ኪሎ በሚሊ ሜትር የተባለ ሞላ 1 ሚሊ ሜትር ለመውረድ 2 ኪሎ፣ 10 ሚሊ ሜትር ለመውረድ 20 ኪሎ ይፈልጋል። አንዳንዱ አምራች በኒውተን፣ አንዳንዱ በፓውንድ ይጽፋል። 1 ኪሎ በሚሊ ሜትር ወደ 9.8 ኒውተን በሚሊ ሜትር፣ ወይም ወደ 56 ፓውንድ በኢንች ይሆናል። ስታወዳድሩ ይህን ያዙ።

እዚህ ላይ በጣም የተስፋፋ ስህተት አለ። አሞርዛተሩ ላይ የሚዞር ቀለበት አለ። ሲዞር ሞላውን ከታች ወይም ከላይ ይገፋዋል። ፕሪሎድ ይባላል። ብዙ ሰው «ሞላውን አጠነከርኩት» ይላል። አላጠነከረውም። 2 ኪሎ በሚሊ ሜትር የነበረው ሞላ አሁንም 2 ኪሎ በሚሊ ሜትር ነው። የተለወጠው የኋላው ክፍል የሚቆምበት ከፍታ ነው። ፕሪሎድ የዝቅታ ማስተካከያ ነው፤ የተሳሳተ ሞላን ትክክለኛ አያደርግም።

ሞላው ለእናንተ መሆን አለመሆኑን የቅድሙ ልኬት ራሱ ይነግራችኋል። ቀለበቱን እያዞራችሁ ተቀምጣችሁ የሚኖረውን ዝቅታ ወደ ሲሶ አምጡት። ከዚያ ወርዳችሁ የሞተሩን ብቻ ዝቅታ እንደገና ለኩ። ሞተሩ በራሱ ክብደት ምንም የማይወርድ ከሆነ፣ ሞላው ለእናንተ ለስላሳ ነው። ቀለበቱን አብዝታችሁ ስላጠበቃችሁት ብቻ ነው የያዛችሁ። በተቃራኒው ቀለበቱ ፈጽሞ ላልቶ ሞተሩ በራሱ ብዙ ወርዶ፣ እናንተ ስትቀመጡ ግን እምብዛም የማይጨምር ከሆነ ሞላው ለእናንተ በጣም ጠንካራ ነው።

ሁለት ዓይነት ሞላ ታገኛላችሁ። አንዱ ከላይ እስከ ታች ጥምዝምዙ እኩል የተራራቀ ነው። ጥንካሬው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው። ሌላው በአንድ ጫፍ የተጠጋጋ፣ በሌላው የተራራቀ ጥምዝምዝ አለው። መጀመሪያ ላይ ለስላሳ ሆኖ እየተጨመቀ ሲሄድ ይጠነክራል። ለክሩዘር፣ በተለይ አንዴ ብቻውን አንዴ ሰው አፈናጥጦ ለሚሄድ፣ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ትንንሹን ንዝረት ይውጣል፤ ትልቁ ምት ሲመጣ ደግሞ ይቋቋማል። ክብደታቸው የማይለዋወጥና ኩርባ ላይ አጥብቀው የሚነዱ ሰዎች የመጀመሪያውን ይመርጣሉ፤ እነሱም ምክንያት አላቸው፤ ሞተሩ ምን እንደሚያደርግ መገመት ይቀላል።

የፕሪሎድ ማስተካከያው ዓይነትም ዋጋ አለው። ደረጃ ደረጃ ያለው ቀለበት ርካሽና ጠንካራ ነው፤ በልዩ ቁልፍ ይዞራል። በጥርስ የሚዞረው በሚሊ ሜትር ይስተካከላል፤ ግን መንገድ ዳር ቆሞ ለማዞር አይመችም። በእጅ የሚዞር ጉብ ያለው ሃይድሮሊክ ማስተካከያ ዋጋው ውድ ነው፤ ሆኖም ተፈናጣጭ ስትጭኑና ስታወርዱ በአንድ ደቂቃ ይስተካከላል። ከአሥር ጉዞ አምስቱን ከሰው ጋር የምትሄዱ ከሆነ ይህኛው ያዋጣል።

5. ርዝመቱን አትንኩ፤ ከነካችሁም ወደ ላይ

የአሞርዛተር ርዝመት የሚለካው ከላይኛው ቀዳዳ መሃል እስከ ታችኛው ቀዳዳ መሃል ነው። ተዘርግቶ፣ ጭነት ሳይኖርበት። ክሩዘሮች ላይ 11፣ 12 እና 13 ኢንች የተለመዱ ናቸው፤ ማለትም ወደ 280፣ 305 እና 330 ሚሊ ሜትር።

አጭር የሚገዛው ለመልክ ወይም እግር መሬት እንዲደርስ ነው። እግር ካልደረሰ ደኅንነት ነው፤ አልከራከርም። ነገር ግን መጀመሪያ ስፖንጁን የቀነሰ መቀመጫ ወይም ሶሉ ወፈር ያለ ቦት ጫማ ሞክሩ። አሞርዛተር ባጠረ ቁጥር መንቀሳቀሻው አብሮ ያጥራል። ሞተሩ ኩርባ ላይ ሲያጋድል መርገጫውና ማርሚታው ቶሎ መሬት ይነካል። ሰው ተፈናጦ ጉድጓድ ሲገባ ጎማው ፓራፋንጎውን ሊልስም ይችላል። የእኔ ሞተር ፓራፋንጎ ውስጠኛው ክፍል ላይ ጎማው የፋቀው የሚያብረቀርቅ መስመር ነበረ። የኤሌክትሪክ ሽቦውን ለመንካት የአንድ ጣት ውፍረት ነበር የቀረው።

ረዘም ያለው ብዙ ጊዜ ተጨማሪ መንቀሳቀሻ ይዞ ይመጣል። ለምቾት ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም። ግን በገደብ ነው። የኋላው ከፍ ሲል የፊት ፎርክ ይበልጥ ቀጥ ይላል፤ መሪው ይፈጥናል። ጥቂት ሲሆን ሞተሩ ቀለል ብሎ ይታጠፋል፤ ሲበዛ በፍጥነት ላይ መረጋጋት ይቀንሳል። የጎን ማቆሚያውም ስለሚያጥር ሞተሩ አብዝቶ ያጋድላል። ካቴና ወይም ቀበቶ ካለው የውጥረቱ ልክ ስለሚለወጥ እንደገና መታየት አለበት። ፋብሪካው ካወጣው ርዝመት ከ1 ኢንች በላይ ከፍ ማድረግን አልመክርም። ፋብሪካው በጣም ዝቅ ያደረገው ሞዴል ከሆነ ግን ያንኑ 1 ኢንች መጨመር ሌላ ሞተር ያደርገዋል።

6. ውስጡ ያለው ዘይትና ጋዝ

ሞላ ብቻውን ቢሆን ከአንድ ጉብታ በኋላ እየነጠርን እንሄድ ነበር። እንቅስቃሴውን የሚያረግበው በትንንሽ ቀዳዳዎች ውስጥ ተጨንቆ የሚያልፈው ዘይት ነው። ሲጨመቅ የሚይዘው ኃይል አለ፤ ሲመለስ የሚይዘው ኃይልም አለ። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

ዘይት በተደጋጋሚ እንቅስቃሴ ይሞቃል። ሲሞቅ ይቀጥናል። ከጋዝ ጋር ተቀላቅሎ አረፋ ከሠራ ደግሞ መያዝ ያቆማል። ረጅም ኮረኮንች ላይ ስትነዱ መጀመሪያ ደህና የነበረው ሞተር ከግማሽ ሰዓት በኋላ መዋኘት የሚጀምረው በዚህ ነው። ርካሾቹ አሞርዛተሮች ዘይቱና ጋዙ በአንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ሻል ያሉት ናይትሮጅን ጋዙን በተንሳፋፊ ፒስተን ከዘይቱ ይለያሉ። ከሁሉም የሚሻሉት ከጎናቸው ተጨማሪ ትንሽ ጋን አላቸው፤ ዘይቱ ስለሚበዛ ቶሎ አይሞቅም።

ለዘወትር የአስፋልት ጉዞ በደንብ የተሠራ ባለ አንድ ክፍል አሞርዛተር ይበቃል። ጋን ያለውን ለመልኩ ብላችሁ አትግዙ። ሻንጣ ጭናችሁ፣ ሰው አፈናጥጣችሁ፣ ቀኑን ሙሉ የምትነዱ ከሆነ ግን ጋዝና ዘይቱ የተለያየበትን ፈልጉ። የመመለሻ ማስተካከያ (ሲመለስ የሚይዘውን ኃይል የሚቀይር) ያለው ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ከሁሉም ማስተካከያዎች አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል እሱን ነው የምመርጠው።

በትልልቅ የጉዞ ሞተሮች ላይ በነፋስ የሚሠራ አሞርዛተርም አለ። ሲጫን ነፋስ ይጨመርበታል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ውስጡ ያለው ቦታ ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ በጎማ መንፊያ ኮምፕረሰር አትንፉት፤ በአንድ ትንፋሽ ከልክ አልፎ ማጠሪያውን ይበጥሳል። ለዚሁ የተሠራ ባለ መለኪያ የእጅ ፓምፕ አለ።

7. በእርግጥ ይገጥማል?

ርዝመቱ አንድ ስለሆነ ብቻ አይገጥምም። የቀዳዳው ስፋት፣ የጎሚኒው ውፍረት፣ ታችኛው ጫፍ ቀለበት ይሁን ወይስ እንደ ሹካ የተከፈለ፣ ሁሉም መታየት አለበት። የሞላው ውፍረትም አለ። ወፍራም ሞላ የቀበቶውን መሸፈኛ፣ የሻንጣውን ማሰሪያ ወይም ማርሚታውን ይነካል።

የሃርሊ ዴቪድሰን ሶፍቴይል ባለቤቶች እዚህ ላይ ቆም በሉ። እስከ 2017 ሞዴል ድረስ ያሉት ሁለት አሞርዛተሮች አሏቸው፤ ግን ከሥር ተጋድመው ተደብቀዋል። ሥራቸውም የተገላቢጦሽ ነው። ጎማው ወደ ላይ ሲወጣ አሞርዛተሩ አይጨመቅም፤ ይለጠጣል። ስለዚህ ተራ አሞርዛተር አይሆንላቸውም። ሌላው ሞተር ላይ ረጅም አሞርዛተር ከፍ ሲያደርግ፣ እነዚህ ላይ ዝቅ ያደርጋል። ከ2018 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ መቀመጫው ሥር ያለ አንድ አሞርዛተር ብቻ ነው። ዓመቱን ሳትናገሩ አትዘዙ። እነዚህ ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለሻጩ የምትልኩት መልእክት እንዲህ ያለ ይሁን፦ «ሞተሩ ይህ ሞዴል፣ የዚህ ዓመት ነው። ከነልብሴ 88 ኪሎ ነኝ። ከአሥር ጉዞ አራቱን 62 ኪሎ ሰው አፈናጥጣለሁ። ሻንጣ 15 ኪሎ። አሁን ያለው 12 ኢንች ነው፤ ርዝመቱን መቀየር አልፈልግም። የምትሰጡኝ ሞላ ስንት ኪሎ በሚሊ ሜትር ነው? የጎማው መንቀሳቀሻ ስንት ይሆናል? ሲያረጅ ተከፍቶ ይታደሳል ወይስ ይጣላል?» ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ የሌለው ሻጭ ሳጥን እንጂ አሞርዛተር እየሸጠ አይደለም። ሌላ ፈልጉ።

ያገለገለ ስትገዙ ከዘንጉ አትጀምሩ፤ ከቀድሞው ባለቤት ክብደት ጀምሩ። 60 ኪሎ ለሆነ ሰው የተመረጠ ሞላ 100 ኪሎ ለሆነ ሰው ስጦታ አይሆንም። ሁለት አሞርዛተር ያለው ሞተር ላይ አንዱን ብቻ መቀየርም አይታሰብ፤ ሁልጊዜ ጥንድ ነው።

8. መግጠም

ሞተሩን ቴላዮው ላይ በክሪክ ደግፉት። የፊት ፍሬኑን እሰሩት ወይም የፊት ጎማውን ከፊትና ከኋላ ሽብልቅ አድርጉበት። አንዱን ጎን ብቻ ፈትታችሁ አዲሱን ግጠሙ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ሂዱ። ሁለቱን በአንዴ ከፈታችሁ ጎማው ይወድቅና ቀዳዳ ከቀዳዳ ለማገናኘት ትታገላላችሁ። ብሎኑ በእጅ እምቢ ካለ ክሪኩን በትንሹ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉት፤ በመዶሻ አትምቱት።

ሮንዴላዎቹ በምን ቅደም ተከተል እንደነበሩ ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። ብሎኖቹን በመመሪያው ልክ፣ በሚለካ ቁልፍ አጥብቁ። ከዚያ ሞተሩን አውርዳችሁ፣ ሰው አስቀምጣችሁ፣ ሞላው ከምንም ነገር ጋር እንደማይነካካ በባትሪ እያያችሁ አረጋግጡ። ጋዝ ያለበትን አሞርዛተር ግን በፍጹም ራሳችሁ አትክፈቱ። በከፍተኛ ግፊት ነው የተሞላው፤ ሊያቆስል ይችላል።

9. ማስተካከል

ደረጃ ሦስትን ድገሙ። ዝቅታውን ወደ ሲሶ አምጡ። ሌላውን ሁሉ አምራቹ ባለበት ተዉት።

አሁን አንድ የምታውቁትን መንገድ ምረጡ። አምስት ደቂቃ የሚወስድ፣ አንድ ጉብታ፣ ጥቂት የተደጋገሙ ስንጥቆችና አንድ ኩርባ ያለበት። በተመሳሳይ ፍጥነት ሂዱበት። ከአንድ ጉብታ በኋላ መቀመጫው ሁለቴ ብድግ ካደረጋችሁ መመለሻው ልል ነው፤ አንድ ሁለት ቀጭታ (ማስተካከያው ሲዞር ቀጭ የሚልበት አንድ እርምጃ) አጥብቁ። የመጀመሪያው ስንጥቅ ደህና ሆኖ ሦስተኛውና አራተኛው እየደረቁ ከመጡ ደግሞ መመለሻው ጠብቋል። ጎማው ወደ ቦታው ሳይመለስ ቀጣዩ ስለሚመጣበት በየምቱ እየሰመጠ ይሄዳል። ብዙ ሰው ይህን «ሞላው ደረቅ ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። ሞላ ከመቀየራችሁ በፊት መመለሻውን ሁለት ቀጭታ አላሉና ያንኑ መንገድ ድገሙ።

የመጨመቂያ ማስተካከያ ካለው በመጨረሻ ንኩት። ሹል ምት እጅና ወገብ ላይ ከወጋችሁ አላሉ። ፍሬን ስትለቁና ነዳጅ ስትሰጡ የኋላው አብዝቶ ቁጭ ካለ ትንሽ አጥብቁ።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ጻፉት። «መመለሻ 6 ቀጭታ፣ ፕሪሎድ 3ኛ ደረጃ፣ ብቻዬን» ብላችሁ። ለተፈናጣጭም ሌላ መስመር ይኑራችሁ። እኔ ይህን የያዘች ወረቀት መቀመጫዬ ሥር በፕላስቲክ ጠቅልዬ አስቀምጣለሁ።

ኋላው ከተስተካከለ በኋላ የፊቱ ድክመት ጎልቶ ሊሰማችሁ ይችላል። ይህ የተለመደ ነው። የፊት ፎርክ ዘይት ያረጃል፤ ብዙ ክሩዘሮች ላይ ለዓመታት ሳይቀየር ይቆያል። አዲስ ዘይት፣ አስፈላጊ ከሆነም ለክብደታችሁ የሚሆን ሞላ፣ ከኋላው ጋር ያስማማዋል።

ከ500 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ አንድ ጠዋት ስጡት። ብሎኖቹን በሚለካው ቁልፍ እንደገና ፈትሹ። ዝቅታውን ለኩ፤ አዲስ ሞላ ትንሽ ሊቀመጥ ስለሚችል ፕሪሎዱን መንካት ያስፈልግ ይሆናል። የፕላስቲክ ማሰሪያውንም እዩ። በአስቸጋሪው ጉድጓድ ላይ ወደ መጨረሻው ተጠግቶ፣ ግን ሳይነካው ቆሞ ካገኛችሁት፣ ቀለበቱን ተዉት፤ ሻንጣችሁን ጭናችሁ ውጡ።